ድንጋይ ሁሉ ኮብልስቶን አይደለም፦ ስለ መንገድ ገጽ አመዘጋገብ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይህን አንብበህ ዝም እንዳትል» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጽሑፉ የሚያነሣው ፈቃደኛ ሰዎች በየአካባቢያቸው እየዞሩ በሚሞሉት በኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ የከተሞቻችን መንገዶች ገጽ እንዴት ይመዝገብ የሚለውን ነው። ጸሐፊው ሐረርንና ድሬዳዋን ምሳሌ አድርገው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ መንገድን «የተነጠፈ» እና «ያልተነጠፈ» ብሎ ለሁለት መክፈል ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ ድንጋይ የተነጠፈበትን ሁሉ ኮብልስቶን ስለሚለው ካርታውም እንዲሁ ይበል። ሦስተኛ፣ ለተጠቃሚው ቁም ነገሩ የመንገዱ ምቾት እንጂ የተሠራበት ነገር አይደለም። አራተኛ፣ ከሳተላይት ምስል መለየት ስለሚቻል እግር ማድከም አያስፈልግም። አምስተኛ፣ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት መንገዱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዝርዝር መመዝገብ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ለካርታው እንደሚያስቡም ያስታውቃል። እኔም በአክብሮት፣ ግን ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። በ2001 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ከሠፈሬ ልጆች ጋር በማኅበር ተደራጅተን ድንጋይ ጠርበናል። ሁለት ዓመት ሙሉ መዶሻና መሮ ከእጄ አልተለዩም። አሁን እንጀራዬ በሌላ ሥራ ነው፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ግን ካርታውን እሞላለሁ። ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ለዚህ ነው።

«የተነጠፈና ያልተነጠፈ ይበቃል» ስለሚለው

ጸሐፊው በጎ ፈቃደኛን በዝርዝር ማጨናነቅ ሰው ያሸሻል ሲሉ ትክክል ናቸው። ካርታውም ይህን ያውቃል፤ መንገዱ መነጠፉን እንጂ በምን እንደተነጠፈ ላላወቀ ሰው «የተነጠፈ» የሚል ጠቅላላ ምድብ ተዘጋጅቶለታል። ጀማሪ እሱን ቢጽፍ አልከፋም፤ ባዶ ከመተው ይሻላል። ደግሞም ምድቦቹን በቃል ማጥናት አያስፈልግም። ስትሪትኮምፕሊት የሚባለው የስልክ መተግበሪያ መንገዱ ዳር ቆመህ ሳለ የየገጹን ፎቶግራፍ ደርድሮ «የትኛውን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አይቶ መንካት ብቻ ነው። የምቃወመው ጸሐፊው መነሻውን መድረሻ ማድረጋቸውን ነው።

ካርታውን የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለምና። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርተው መንገድ የሚያመላክቱ ፕሮግራሞች የገጹን ዓይነት አይተው ፍጥነት ያሰላሉ። ኦኤስአርኤም የሚባለውን እንውሰድ። በመነሻ የመኪና ቅንብሩ ጠፍጣፋ የንጣፍ ድንጋይ ላይ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተጠርቦ በተነጠፈ ድንጋይ ላይ 40፤ «ኮብልስቶን» ተብሎ በተመዘገበ ላይ 30። «ያልተነጠፈ» ለተባለው 40 ይሰጠዋል። «የተነጠፈ» ለሚለው ጠቅላላ ቃልስ? ምንም ጣሪያ የለውም፤ ከአስፋልት እኩል ያየዋል።

እንግዲህ የጸሐፊውን ምክር ተቀብለን በድንጋይ የተነጠፈ መንገድን ሁሉ «የተነጠፈ» ብለን ብንተወው፣ ፕሮግራሙ እንደ አስፋልት ቆጥሮ መኪና ይሰድበታል። ከጭሮ ወይም ከጅጅጋ የመጣ፣ ከተማውን የማያውቅ፣ ምናልባትም ታማሚ የጫነ ሾፌር አቋራጭ ተብሎ ወደ ድንጋዩ ይገባል። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ ለዚህ ፕሮግራም በጥርብ ድንጋይና ባልተነጠፈ መንገድ መካከል የፍጥነት ልዩነት የለም። ሰፊው ልዩነት ያለው በተነጠፉት በራሳቸው መካከል ነው። ጸሐፊው ዋናው ድንበር ብለው ያሰመሩት መስመር ያለ ቦታው የተሰመረ ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር የድሬዳዋን ሠፈር ከዚራን ጠቅሰው «ከዚራን ያየ ሰው ጥቁሩን ሁሉ አስፋልት ቢል አይሳሳትም» ብለዋል። ጥቁር ሁሉ አስፋልት አይደለም። አስፋልት ኮንክሪት የሚባለው ጠጠርና ሬንጅ ጋለው ከተደባለቁ በኋላ በማሽን ተነጥፈው በሮለር የሚጠቀጠቁበት ነው። ሌላው ደግሞ በተጠቀጠቀ መሠረት ላይ ሬንጅ ተረጭቶ፣ በላዩ ጠጠር ተበትኖ በሮለር የሚታሸው ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲደገም መሐንዲሶች ዲቢኤስቲ ይሉታል። ከሩቅ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ለዳሰሰ ግን ሁለተኛው እንደ ሞረድ ይቧጭራል፤ ጠርዝ ጠርዙን የለቀቀ ጠጠር ይከማችበታል። መታጠፊያ ላይ ያ ጠጠር ለባጃጅና ለሞተር ብስክሌት ምን እንደሚያደርግ የድሬዳዋ ሰው ያውቃል። ካርታው ለዚህም የራሱ ምድብ አለው።

«ሕዝቡ ኮብልስቶን ካለ ኮብልስቶን ነው» ስለሚለው

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። በአገሩ መጀመሪያ ኮብልስቶን ይባል የነበረው ከወንዝ የተለቀመ፣ ውሃ ያሞለለው፣ መዶሻ ያልነካው ድንጋይ ነው። ወደ እኛ የመጣው ግን ከሚሌኒየሙ ዋዜማ አንሥቶ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ፣ በየከተማው ከተስፋፋው የንጣፍ ሥራ ጋር ነው። ያ ሥራ ደግሞ ከመነሻው መጥረብ ነው። ስለዚህ እኛ «ኮብልስቶን» የምንለው፣ ቃሉ በተወለደበት አገር ኮብልስቶን ከሚባለው ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል።

ሥራውን ላላየ ሰው ልግለጸው። ከካባ የመጣውን ድንጋይ መጀመሪያ ታገላብጠዋለህ፤ በየት በኩል መሰንጠቅ እንደሚፈልግ ራሱ ይነግርሃል። መዶሻው ሲያርፍበት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ስንጥቅ አለ፣ አትድከምበት። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ትቀርጸዋለህ። ከሁሉ የሚከብደው አናቱ ነው፤ እግርና ጎማ የሚያርፉት እሱ ላይ ስለሆነ ደልደል ማለት አለበት። ክፍያው በፍሬ ነበር። ተቆጣጣሪው አናቱ የጎበጠውን ወይም ጎኑ የተንጋደደውን ወደ ዳር ይወረውረዋል፤ የተወረወረው አይከፈልበትም። ያን ጊዜ ግማሽ ቀን የለፋሁበት ድንጋይ ወደ ዳር ሲጣል ሆዴ ይቆስል ነበር። አሁን ግን ሰውዬው ልክ እንደነበሩ አውቃለሁ። ያልተስተካከለ አናት ለአንድ ሰው እንቅፋት ነው፤ ተቆጣጣሪው ያን ሰው አስበው ነበር።

ካርታው ይህን ልዩነት ያከብራል። ተጠርቦ በረድፍ የተነጠፈው አንድ ምድብ ነው። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሴት» ሆኖ ስለሚነበብና ስለሚያምታታ፣ ጥርብ ድንጋይ እያልኩ እቀጥላለሁ። ያልተጠረበ፣ እንደተገኘ መሬት ውስጥ የተተከለው ሌላ ምድብ ነው። ሦስተኛው አናቱ ጠፍጣፋ፣ ቅርጹ እኩል፣ መገናኛው ጠባብ የሆነው ንጣፍ ነው፤ በመጋዝ የተቆረጠ ድንጋይም ሆነ ኢንተርሎክ የምንለው የሲሚንቶ ብሎኬት እዚህ ይገባል፤ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ ላይ የምናየው አብዛኛው ይህ ነው። «ኮብልስቶን» የሚለው ስም በአራተኛ ደረጃ የቀረው ሰዎች እንደየአገራቸው ለሁሉም ስለሚጠቀሙበት ነው፤ ያነበበው ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ለጀማሪዎች የማስተምረው መለያ መሣሪያ አይጠይቅም። ጎንበስ በልና ሁለት ድንጋዮች የሚገናኙበትን ክፍተት ንካ። ጥፍርህ ብቻ ከገባ ጠፍጣፋ ንጣፍ ነው። የጣትህ ጫፍ ከገባ ጥርብ ድንጋይ ነው። ተረከዝህ ሊገባ ከቻለ ደግሞ ያልተጠረበ ነው። መቶ በመቶ የሚሠራ መለኪያ አይደለም፤ አሸዋው ታጥቦ የወጣበት ጥርብ ድንጋይ ያሳስታል። ከአሥር ቦታ ዘጠኙ ላይ ግን አላሳፈረኝም።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል ብለው ጸሐፊው ጠይቀዋል። ለአክስቴ ይጠቅማል። በስኳር በሽታ አንድ እግሯን አጥታ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ሠርግ ተጠርተን ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ወጣን። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከመኪና አውርደናት ካርታውን ከፈትኩ። ወደ ሠርጉ ቤት የሚያደርሱ ሁለት መተላለፊያዎች ነበሩ፤ ሁለቱም «የተነጠፈ» ተብለው ተመዝግበዋል። አጭሩን መረጥኩ። የመጀመሪያው ስልሳ እርምጃ ደኅና ነበር። ከመታጠፊያው በኋላ የቀደመው ጊዜ ድንጋይ መጣ፤ አንዱ ጎበጥ፣ አንዱ ሰርጎድ ያለ፣ በመካከላቸው አፈሩ የወጣ። የወንበሩ የፊት ጎማዎች መዳፍ የማያህሉ ናቸው፤ አንደኛው ክፍተት ውስጥ ገብቶ ቆመ፣ እሷም ወደፊት ተወረወረች። በደረቷ የተያዘችው እኔ ቀድሜያት ስለነበርኩ ብቻ ነው። አራት የሠፈሩ ወጣቶች ከነወንበሯ ተሸክመው አደረሷት። ሰው በፊቷ እንዲሸከማት የምትፈልግ ሴት አይደለችም። በሠርጉ ላይ ሙሉ ቀን ዝም አለች። በማግሥቱ ሄጄ ሁለቱንም መተላለፊያዎች በየክፍላቸው መዘገብኩ። ረጅሙ ከዳር እስከ ዳር ጥርብ ድንጋይ ነበር፤ በእሱ ብንሄድ ወንበሯ እየተንገጫገጨ ራሷን ችላ ትደርስ ነበር።

የሕዝቡ ቃል ይከበር ማለታቸውን እቀበላለሁ። በአፍ «ኮብልስቶን» እንላለን፤ ማንም እንዲያርመን አልፈልግም። በአፍ እኮ «አስፋልቱን ተሻገርና ጠብቀኝ» እንላለን፤ አስፋልት ማለት ዋናው መንገድ ማለት ሆኗል፣ ሲሚንቶ ቢሆንም እንኳ። የንግግር ቃልን ያለ ማጣራት ወደ መዝገብ ካስገባን ያ ሲሚንቶም በካርታው ላይ አስፋልት ይሆናል።

«ምቾቱ እንጂ የተሠራበት ነገር አይፈይድም» ስለሚለው

የሚገርመው፣ አማርኛችን ራሱ ይህን ሐሳብ ይቃወመዋል። «ፒስታ» ስንል የተሠራበትን ነገር መናገራችን ነው፤ ጠጠርና ገረጋንቲ ተጠቅጥቆ የተሠራ መንገድ። «ኮሮኮንች» ስንል ግን ሁኔታውን መናገራችን ነው። ፒስታም ኮሮኮንች ይሆናል፤ የተቦረቦረ አስፋልትም ኮሮኮንች ይባላል። ሁለቱን ለይተን ስንናገር ኖረናል፤ ስንመዘግብ የምንቀላቅልበት ምክንያት የለም።

ካርታውም የሚለያቸው እንደዚሁ ነው። የገጹ ዓይነት አንድ መስክ ነው፤ ልስላሴው ሌላ መስክ ነው፣ ስምንት ደረጃም አለው። ደረጃዎቹ የተበጁት በመንኮራኩር ነው፦ ከላይ ትንንሽ ጎማ ላለው የእግር መንሸራተቻ የሚመች፣ እየወረደ ለከተማ ብስክሌትና ለተሽከርካሪ ወንበር፣ ለተራ አውቶሞቢል፣ ከመሬት ከፍ ላለ መኪና፣ ለትራክተር፣ በመጨረሻም ምንም ባለ ጎማ የማያልፈው። ጥሩ ሆኖ የተነጠፈ ጥርብ ድንጋይ ከተቦረቦረ አስፋልት የተሻለ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። ጸሐፊው እንዳሉት ምቾቱን ብቻ ብንጽፍ፣ መንገዱ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆንና ሲበላሽ በምን እንደሚጠገን ይጠፋናል። የድንጋይ ንጣፍ ሲሰምጥ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ አሸዋው ተሞልቶ፣ ያው ድንጋይ ይመለሳል፤ አስፋልት ይቆረጣል፣ ሬንጅ ይፈላለታል። ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

«ከሳተላይት ይታያል» ስለሚለው

አይታይም። በነጻ የምንጠቀምባቸው የሳተላይት ምስሎች ጥሩ የሚባሉት አንዷ ነጥባቸው መሬት ላይ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ትሸፍናለች። ድንጋያችን 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንዲት ነጥብ ውስጥ ከነክፍተታቸው በርካታ ድንጋዮች ተደባልቀው አንድ ግራጫ ቀለም ይሆናሉ። ጁገል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሐረሪዎች ኡጋ የሚሏቸው መተላለፊያዎች ከሁለት ረጃጅም ግንብ መካከል የሚያልፉ ናቸው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይተላለፍባቸውም አሉ። ከሰማይ ሲታዩ ጥላ ናቸው። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ቁልቁል ስትወርድ ከስፌት መኪናዎቹ ሥር ያለውን ወለል የሚያሳይህ እግርህ ብቻ ነው።

«ስለሚለዋወጥ አይረባም» ስለሚለው

ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው፤ እኔም ያመመኝ ጊዜ አለ። መዝግቤ በወሩ የተቆፈረ መንገድ አጋጥሞኛል። ነገር ግን መፍትሔው በካርታው ውስጥ አለ፦ ከገጹ ዓይነት ጋር የታየበትን ቀን መጻፍ። ቀኑን ያየ ሰው ምን ያህል ማመን እንዳለበት ራሱ ይፈርዳል። መተግበሪያዎቹም ከቆየ በኋላ «አሁንም እንዲሁ ነው?» ብለው መልሰው ይጠይቃሉ።

በተጨማሪም የተለወጠው አይጠፋም። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር የተጀመረው ይህ ካርታ ከያዛቸው መልካም ነገሮች አንዱ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ከነታሪኩ መቀመጡ ነው። ይህ ለእኛ ከማንም በላይ ይጠቅመናል። የጁገል ግንብ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአሚር ኑር ዘመን ጀምሮ ሐሺ በሚባለው የአካባቢው ድንጋይ የቆመ ነው፤ ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብም የመተላለፊያዎቿ መረብ የቅርሱ አካል ነው። ግንቡ ተለክቷል፣ ተጽፏል። መሬት ላይ የነበረው ድንጋይ ግን ተነሥቶ በሌላ ሲተካ ማን ጻፈው? የትኛው ኡጋ ላይ እስከ መቼ ድረስ ያልተጠረበ ድንጋይ እንደነበረ ነገ የሚጠይቅ ተማሪ የእኛን መዝገብ ያገኛል፤ «የተነጠፈ» ብለን ካለፍነው ግን የሚያገኘው ነገር የለም። በዚያው በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ባጠለቀለቀ ጊዜ፣ ከጎርፉ በፊት የትኛው መንገድ በምን እንደተሠራ የሚያሳይ ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብ በእጃችን ቢኖር፣ ጎርፉ የትኛውን ንጣፍ ቦርቡሮ የትኛውን እንዳለፈው ዛሬ ድረስ እንማርበት ነበር።

አንድ የቀረኝ አለ። ጸሐፊው ከጁገል በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ወደ ውስጥ የምትዘልቅ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ጠቅሰው፣ እሷን ሦስት ቦታ ቆራርጦ የመዘገበ ሰው ጊዜ የተረፈው ነው ብለዋል። የመዘገብኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሳይበዛ ተመልሼ ሄድኩና ድጋሚ አየኋት። የመጀመሪያው ክፍል 74 እርምጃ ነው፤ በመጋዝ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ክፍተቱ ጥፍር ብቻ ያስገባል። ሁለተኛው 52 እርምጃ፤ ጥርብ ድንጋይ፣ በቀኝ በኩል የቧንቧ ቁፋሮ ያነሣው አንድ ሜትር ያህል ተመልሶ ስላልተስተካከለ ልስላሴውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛው 31 እርምጃ፤ ያልተጠረበ ድንጋይ፣ ጫማዬ ተረከዙ ሁለት ጊዜ ገብቶብኛል፤ ዳር ላይ አዲስ አሸዋ ስለተቆለለ በቅርቡ ሳይነካ አይቀርም። ሦስቱንም ከቅዳሜው ቀን ጋር አድሼ መዝግቤያለሁ። ጸሐፊው ሐረር ብቅ ካሉ ፈላና በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ፤ አብረን ጎንበስ ብለን እንነካዋለን።